እሳቱ ሌሊቱን እንዲያድር፦ የሳሎኑ የእንጨት ምድጃ ቶሎ እያለቀ ተቸገርን

የዱሉቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ዱሉት፣ ሚኒሶታ ነው። ቤቱ የጋዝ ማሞቂያ አለው፤ ብርዱ ሲጠና ግን የሚደርስልን ሳሎን ያለው የእንጨት ምድጃ ነው። ችግሩ እሳቱ አያድርም። ማታ 4 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ጢም ብሎ የተሞላ ምድጃ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አመድና ጥቂት ፍም ሆኖ ይገኛል። አምስት ሰዓት ብቻ ማለት ነው። ቢያንስ እስከ ንጋት 12 ሰዓት እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

ዝርዝሩ ይኸው። ምድጃው የብረት ነው፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ሆዱ 2 ኪዩቢክ ጫማ ይሆናል። ካታሊስት (ጭሱን የሚያቃጥል ክፍል) የለውም፤ ከላይ በኩል አራት ቀዳዳ ቀዳዳ የአየር ቱቦዎች አሉት። ጭስ ማውጫው 6 ኢንች፣ ቀጥ ብሎ በጣሪያው የሚወጣ፣ ከምድጃው አናት እስከ ጫፉ 26 ጫማ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚታየው ቱቦ ነጠላ ግድግዳ ነው። እንጨቱ በመስከረም «የደረቀ» ተብሎ የተገዛ ኦክና በርች ሲሆን አብዛኛው 3 ኢንች ያህል ውፍረት ተደርጎ ተፈልጧል። የአየሩን እጀታ ግማሽ ላይ ስተወው ቶሎ ያልቃል። ጨርሼ ስዘጋው ደግሞ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ አንዳንዴ እንዳልተዘጋ ይንቦገቦጋል፤ አንዳንዴ መስታወቱ ይጠቁርና ጠዋት ግማሹ ፍልጥ ትርኳሽ ሆኖ ይገኛል። የበሩ ጋስኬት (አየር እንዳያሳልፍ የበሩን ዙሪያ የሚይዘው ገመድ) ተቀይሮ አያውቅም። ከየት ልጀምር?

ፍልጥ በፍልጥ፦

እህቴ፣ አሟልተሽ ስለጻፍሽ መልሱን አቅልለሽልናል። ስትዘጊው አንዳንዴ የሚንቦገቦገው፣ አንዳንዴ የሚታፈነው ችግሩ አንድ ስላልሆነ ነው። የሚታፈንበት ሌሊት ምክንያቱ እንጨቱ ነው። የሚንቦገቦግበት ሌሊት ምክንያቱ አየሩ ነው። እኔ ስለ እንጨቱ ልጻፍ፣ የአየሩን የጭስ ማውጫ ሰዎች ይመልሱልሽ።

መጀመሪያ ከምድጃሽ ምን መጠበቅ እንዳለብሽ እናስላ። 2 ኪዩቢክ ጫማ ውስጥ በደንብ ከተደረደረ 15 ኪሎ ያህል ደረቅ ጠንካራ እንጨት ይገባል። አንድ ኪሎ ደረቅ ማገዶ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አለው። ምድጃው ከዚህ 70 በመቶውን ለቤቱ ቢሰጥ ከአንድ ሙሌት 42 ኪሎዋት ሰዓት ታገኛለሽ። በ5 ሰዓት ካለቀ በየሰዓቱ 8 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በ8 ሰዓት ካለቀ 5 ኪሎዋት ገደማ። እንግዲህ እሳቱን ማራዘም ያንኑ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ማብቃቃት ነው፣ አዲስ ሙቀት አይፈጠርም። ፋራናይቱ ከዜሮ በታች 20 በሚወርድበት ሌሊት 5 ኪሎዋት ለቤቱ ላይበቃው ይችላል። ያን ቀን ጋዙ ንጋት ላይ ቢነሳ ምድጃው አልተበላሸም።

ከዚህ ሂሳብ የሚወጣው ነገር ትልቅ ነው፦ የሰዓቱን ርዝመት የሚወስነው ሆዱ ውስጥ የገባው ደረቅ እንጨት ክብደት ነው። በኪሎ ከተመዘነ ሁሉም እንጨት ሙቀቱ ተቀራራቢ ነው። ኦክ የሚበልጠው በዚያው ቦታ ብዙ ኪሎ ስለሚይዝ ነው፤ ነጭ ኦክ አስፐን ከሚባለው ቀላል እንጨት ጋር ቢተያይ በአንድ ኮርድ (የተደረደረ ማገዶ መለኪያ) ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሙቀት አለው። ግን ይህ የሚሠራው ሲደርቅ ነው፤ ኦክን የማምነው ደግሞ በመጨረሻ ነው። በናንተ አገር አየር ተፈልጦ የተከመረ ኦክ ለመድረቅ ሁለት ዓመት፣ ወፍራሙ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። በሚያዝያ ተፈልጦ በመስከረም የተሸጠ ኦክ ነጋዴው ምንም ቢለው እርጥብ ነው። በርች በአንድ ሙሉ በጋና በልግ ይደርሳል፣ ተፈልጦ ከሆነ። ሳይፈለጥ በድቡልቡሉ ከከረመ ቅርፊቱ ውኃ ስለማያሳልፍ ውስጡ ይበሰብሳል እንጂ አይደርቅም።

እርጥብ እንጨት እንዴት ሰዓቱን እንደሚበላ ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚረዳው። «እርጥብ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ስለዚህ ያድራል» ይባላል። 15 ኪሎ እንጨት ውኃው 30 በመቶ ከሆነ አራት ተኩል ኪሎው ውኃ ነው፤ የምታነጂው አስር ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ያንን ውኃ ለማትነን በየኪሎው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እርጥቡ እንዳይጠፋ አየሩን ከፍተሽ ለመተው ትገደጃለሽ፤ አየሩ ሲከፈት አጠገቡ ያለው ደረቅ በርች ይጋይና ያልቃል፣ ሙቀቱም በጭስ ማውጫው ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ግዢ፤ ርካሽ ነው። አለካኩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ከደጅ የገባ የቀዘቀዘ እንጨት መለኪያውን ያታልላል፣ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ አቆይው። ከዚያ እንደገና ለሁለት ፍለጪውና አዲስ የተከፈተውን ፊት፣ መሐሉ ላይ፣ መርፌዎቹን በጭረቱ አቅጣጫ ተክለሽ አንብቢ። የጫፉ ወይም የቅርፊቱ ንባብ ዋጋ የለውም። ሌላው የሚረሳው ነገር፣ አብዛኛው መለኪያ የሚያነበው ከደረቁ ክብደት አንጻር ነው፤ 25 ካለሽ ከጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶው ውኃ ነው ማለት ነው። ከ25 በታች ካነበበ ይነዳል፣ 20 አካባቢ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ከ28 በላይ ያነበበ ለሌሊት አይሆንም።

ውፍረቱም ያንኑ ያህል ያስቸግርሻል። አንድ ባለ 6 ኢንች ፍልጥ ለአራት ባለ 3 ኢንች ብትከፍይው እንጨቱ ያው ነው፣ ለእሳት የተጋለጠው ጎኑ ግን እጥፍ ይሆናል። ጋዙን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነበልባሉ ያልቃል። ቀጫጭኑን ለማቀጣጠያና ለቀን ያዢው። ለሌሊቱ ከ5 እስከ 6 ኢንች የሆነ፣ አራት ማዕዘን የሚመስል፣ ርዝመቱ ከምድጃው ጥልቀት ሁለት ኢንች ብቻ ያነሰ ይሁን።

ለከርሞ ስትገዢ አሽ የሚባለውን እንጨት ጠይቂ። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባለው ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2009 ሚኒሶታ ከተገኘ ወዲህ ብዙ አሽ እየተቆረጠ ነው። አሽ ገና ሲቆረጥም ውኃው ከኦክ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ብቻ ከቅርብ ግዢ፤ ጥንዚዛው ከአገር አገር የሚሄደው በማገዶ ጭነት ነው።

ጣሪያ ላይ፦

የጭስ ማውጫ ሥራ ሥራዬ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ እንጨት ሳይነድ ታፍኖ ያደረባቸው ሌሊቶች ካሉ ጭስ ማውጫው ውስጥ ክሪዮሶት ተለጥፏል። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጥቀርሻ ነው፣ ይነዳል። በላዩ ላይ ጥሩ ትኩስ እሳት ከማንደድሽ በፊት ይታይ። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ መጠረግ አለበት። አሜሪካ ውስጥ መመዘኛው በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ነው፤ አንቺ ዘንድ ዘንድሮ አሁኑኑ ይሁን።

ወደ አየሩ ልምጣ። 26 ጫማ ቀጥ ያለ ቱቦ ብዙ ነው። አብዛኛው የምድጃ መመሪያ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ከፍታ ከ12 እስከ 15 ጫማ ነው። ጭስ ማውጫ የሚስበው ውስጡ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚሞቅና ስለሚቀል ነው፤ ከፍታው ሲጨምርና ደጁ ሲቀዘቅዝ ስበቱ ይበረታል። በጥቅምት በልኩ የነበረ ምድጃ በጥር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እጀታውን ዘግተሽው የሚንቦገቦግ ከሆነ አየር ከሌላ ቦታ እየገባ ነው፣ ወይም ስበቱ በልክ ከተተወችው ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ብዙ እየጎተተ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

ፍሳሹን እንዲህ ፈልጊው። ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ የአንድ ዶላር ኖት በሩ ላይ አድርገሽ ዝጊና ጎትቺው። ጠንክሮ መያዝ አለበት። በየ3 ኢንቹ ዙሪያውን ሞክሪ፤ ሾልኮ የሚወጣበት ቦታ ጋስኬቱ ሞቷል። ከዚያ እሳቱ እየነደደ ሰንደል ለኩሺና የበሩን ጠርዝ፣ የመስታወቱን ዙሪያ፣ የአመድ መሳቢያውን በር ተከትለሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። የሰንደሉ ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ወደ ምድጃው ታጥፎ ከገባ ቀዳዳው እዚያ ነው። ዶላሩ የማያሳይሽን ሰንደሉ ያሳይሻል። የአመድ መሳቢያ ካለው በጥንቃቄ እይው፤ ከሥር የሚገባ አየር ፍሙን እንደ ወናፍ ያጋየዋል፣ የብረት ወለሉንም ሊያጣምም ይችላል።

ጋስኬቱ የመስታወት ክር ገመድ ነው። ውፍረቱ እንደ ምድጃው ይለያያል፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ብቻ ግዢ፤ ወፍራም ከገባ በሩ ማጠፊያው በኩል አይገጥምም። አሮጌውን ንቀዪ፣ ቦዩን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ አጽጂ (አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ)፣ የጋስኬት ማጣበቂያውን ቀጭን መስመር አድርገሽ ገመዱን አስተኚው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገመዱን እየወጠረ ያስገባዋል። የተወጠረ ገመድ ይቀጥናል፣ በወሩ እንደገና ያፈሳል። ልቅ አድርገሽ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ እየገፋሽ አስተኚው። ጫፎቹን ማጠፊያው በኩል አገናኚ። በሩን ዘግተሽ 24 ሰዓት አቆይ፣ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን።

ስበቱን የሚለካ ሰው ጥሪ። ማኖሜትር (የስበቱን ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ከምድጃው 18 ኢንች ከፍ ብሎ ቱቦው ላይ በምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። ከ0.04 እስከ 0.08 ኢንች የውኃ ዓምድ ጥሩ ነው። ከ0.1 ካለፈ ቱቦው ላይ የሚዞር መዝጊያ ማስገባት ይቻላል፣ የምድጃሽ መመሪያ ከፈቀደ። መዝጊያው በር ከመክፈትሽ በፊት ሁልጊዜ ይከፈት፤ አለዚያ ጭሱ ፊትሽ ላይ ይወጣል።

እትዬ ፍም፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ብላችኋል፣ ግን እሳት ማሳደር እኮ ድሮም ነበረ። ማታ ፍሙን ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ፣ ወፍራም ትርኳሽ ካለ ከመሐሉ መቅበር፣ ከዚያ ደቃቅ አመድ ሦስት ጣት ያህል ማልበስ ነው። አመዱ ይነፋ፤ ከሰል ያለበት ጓል አመድ አየር ያሳልፋል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ ጭራሮ መጨመርና እፍ ማለት ነው። እሳት ልትጭር የምትመጣ ጎረቤት ባዶ እጇን አትመለስም ነበር። ይህም ምድጃ ያው ነው፤ እንጨቱን ሞልተሽ አየሩን ጥርቅም አድርጊው። አየር ያጣ እሳት አይነድም፣ ያልነደደ ደግሞ ያድራል።

ሰማያዊ ነበልባል፦

እትዬ፣ አዳፈኑን እንደጻፉት ነው፣ ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም። አንድ ነገር ብቻ እንድለይ ይፍቀዱልኝ፤ የዚህ ሁሉ ጥያቄ ቁልፉ እሱ ስለሆነ ነው። የሚዳፈነው ፍም ነው፤ ጥሬ እንጨት አይዳፈንም።

ደረቅ እንጨት ሲሞቅ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የምናየው ነበልባል የዚያ ጋዝ ቃጠሎ ነው። ጋዙ ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ፍም ነው፣ ንጹሕ ካርቦን ማለት ይቻላል። ፍም አየር ሲቀንሱበት ቀስ ብሎ ይነዳል እንጂ የሚጤስ ነገር የለውም። ገና ጋዝ እያወጣ ያለን እንጨት አየር ብንነሳው ግን ጋዙ ሳይነድ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ጭስ ማውጫ ላይ ደርሶ ክሪዮሶት ይሆናል። የእንጨቱ ሙቀት ግማሽ ያህሉ ያለው በዚያ ጋዝ ውስጥ ነው። ጎጆ ቤት ሲዳፈን ጋዙ ማታውን ነድዶ አልቋል፤ ለዚህ ነው መዳፈን የሚያምረው። ሌላም አደጋ አለ፦ አየር ያጣ ምድጃ ሆዱ ውስጥ ጋዝ ያጠራቅምና በድንገት ሲያያዝ ቡፍ ብሎ በየስንጥቁ ጭስ ይተፋል።

የዱሉቷ፣ ያንቺ ምድጃ ላይ ያሉት አራት ቱቦዎች የተሠሩት ለዚሁ ጋዝ ነው። የጋለ አየር ከላይ ይረጫሉ፣ ጭሱ እዚያው ይነዳል። ይህ የሚሆነው የላይኛው ክፍል ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (1,100 ፋራናይት) ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ ማጋል፣ ቀጥሎ አየሩን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው። ሁለት ማግኔታማ ቴርሞሜትር ያስፈልግሻል፣ አንዱ ምድጃው አናት ላይ፣ አንዱ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ 18 ኢንች ከፍ ብሎ። (ቱቦሽ ነጠላ ግድግዳ ስለሆነ ማግኔቱ ይሠራል። ድርብ ግድግዳ ያለው ሰው ግን ወደ ውስጥ የሚገባ መርፌ ያለው ይግዛ፣ የላዩ ንባብ ያሳስተዋል።)

የሌሊቱን ሙሌት ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ጀምሪ። የምድጃው አናት ወደ 300 ፋራናይት ሲወርድና ሆዱ ውስጥ ፍም ብቻ ሲቀር ጊዜው ነው። አየሩን ሙሉ ክፈቺ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ በሩን መጀመሪያ በጥቂቱ ቀጥሎ በሙሉ ክፈቺ። ፍሙን ከኋላ ወደ ፊት፣ አየሩ ወደሚገባበት ወደ በሩ ሥር ጎትቺው። በተገለጠው ቦታ ላይ፣ ከኋላ ከሥር፣ ወፍራሙን ፍልጥ አስቀምጪ። ሌላውን እንደ ጡብ ጎን ለጎን አስጠጊ። ፍሙ ሆዱን ሙሉ ተዘርግቶ ከላዩ ከተሞላ ሁሉም ፍልጥ በአንድ ጊዜ ይያያዛል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጋዙን ይለቃል፣ ምድጃው ከልክ በላይ ይግላል። ፍሙ ፊት ለፊት ሲሆን እሳቱ ከበሩ ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይበላል፣ እንደ ጧፍ። ይህ አንድ ነገር ብቻውን ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ይጨምራል። ከቱቦዎቹ ሥር ሁለት ኢንች ክፍት ተዪ።

በሩን ዝጊ፣ አየሩ ሙሉ ክፍት ይቆይ። የጭስ ማውጫው ቱቦ 400 ፋራናይት ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ እጀታውን ግማሽ መልሺ። አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ነበልባሉ ካልሞተ ወደ ሩብ። አሁን መልኩ ይለወጣል፦ ከእንጨቱ የሚነሳው ቢጫ ነበልባል ይደክማል፣ በምትኩ ከቱቦዎቹ ሥር እንደ ስስ ነጠላ የሚውለበለብ እሳት ታያለሽ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ያ የጭሱ ቃጠሎ ነው። ያንን ሳታጠፊ መቀነስ የምትችይው ዝቅተኛ ቦታ የምድጃሽ የሌሊት ቦታ ነው፤ እጀታው ላይ ምልክት አድርጊበት። እጀታውን በመለስሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሆዱ ከጨለመ ፈጥነሻል፤ ጥቂት ክፈቺና አምስት ደቂቃ ጨምሪ። አናቱ ከ700 ካለፈ ደግሞ ዘግይተሻል፣ እንጨቱ ሁሉ ጋዙን ለቅቋል፣ ሌላ ጊዜ ቀደም ብለሽ ቀንሺ። ደህና የሆነ ሌሊት አናቱ ከ500 እስከ 650 ወጥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ጠዋት ነበልባል አትጠብቂ። ከ8 ሰዓት በኋላ አናቱ 200 ፋራናይት ሆኖ ሁለት ቀጭን ፍልጥ ያለ ክብሪት የሚያያይዝ ፍም ካገኘሽ እሳቱ አድሯል። የእትዬ አመድ ጥቅም ላይ የሚውለው እዚህ ነው፦ በበልግ፣ ሙቀቱን የማትፈልጊው ቀን፣ የቀረውን ፍም ወደ ኋላ ጥግ ሰብስበሽ አመድ አልብሺው፤ ከ12 ሰዓት በኋላም ይጠብቅሻል።

ማሳሰቢያ፦ የአየር እጀታው ጨርሶ እንዳይዘጋ የተበጀለት ማቆሚያ በመጋዝ የሚቆርጡ፣ ቀዳዳውን የሚደፍኑ አሉ። አይነካ። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ስበቱ ሲደክም ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሽታ የለውም። ምድጃው ባለበት ፎቅም መኝታ ቤት አጠገብም ማንቂያ ይኑር።

እትዬ ፍም፦

ልጄ፣ አሁን ገባኝ። ለፍሙ ነው እንጂ ለእንጨቱ አይደለም፤ እኛም ጥሬ እንጨት ዳፍነን አናውቅም። ተባረክ።

የዱሉቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። ኦኩ ተፈልጦ መሐሉ ከ31 እስከ 34 ያነባል። በርቹ ከ21 እስከ 23። ዶላሩ በማጠፊያው በኩል ከታች ያለ ምንም መያዝ ወጣ፤ ሰንደሉም እዚያው ጥግ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፎ ገባ። ጭስ ማውጫው ተጠርጓል፣ ስበቱ ምድጃው እየነደደ 0.11 ሆነ። አሁን ይህን ክረምት እንዴት ልለፈው? ኦኩ ሁለት ኮርድ ነው፣ አልጥለው ነገር።

ፍልጥ በፍልጥ፦

34 ያነበበው ኦክ ከጠቅላላ ክብደቱ ሩቡ ውኃ ነው። ዘንድሮ ለእሳት አታቅርቢው። በአንድ ረድፍ፣ ከመሬት አራት ኢንች ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ፣ ነፋስና ፀሐይ ባለበት ከምሪው። ከላይ ብቻ ይሸፈን። ጎኑን በፕላስቲክ የሚጠቀልል ሰው እንጨቱን በራሱ ላብ ይቀቅለዋል። ከሁለት በጋ በኋላ ምርጥ ማገዶሽ ይሆናል።

በርቹ ጥሩ ነው፣ 22 ሲያነብ 18 በመቶ ውኃ ማለት ነው። መቅጠኑን ግን መመለስ አይቻልም። ማድረግ የምትችይው ጠፍጣፋ ፊቶቹን እርስ በርስ ገጥመሽ፣ በመሐላቸው ጣት የማያስገባ አድርገሽ መደርደር ነው፤ አራቱ እንደ አንድ ወፍራም ፍልጥ እንዲሆኑ። ለሌሊቱ ከመጋዝ ብናኝ ብቻ የታመቁ የእንጨት ጡቦች ጨምሪበት። ውኃቸው ከ10 በመቶ በታች ነው፣ ለሚይዙት ቦታ ክብደታቸው ብዙ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ብቻ፣ አስጠግተሽ፣ ከበርቹ መሐል። ሲነዱ ያብጣሉ፣ ስለዚህ ከመስታወቱ አርቂያቸው። በላላው ከተደረደሩ ይፈርሱና በአንድ ጊዜ ይጋያሉ። ሰም ያለበትን ለካምፕ የሚሸጥ ማቀጣጠያ ከዚህ ጋር አታምታቺው፤ ለምድጃ ሙሌት አይሆንም።

ጣሪያ ላይ፦

0.11 ብዙ ነው። ግን መጀመሪያ ጋስኬቱን ቀይሪና እንደገና አስለኪ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። አዲሱ ገመድ ገብቶ፣ ዶላሩ ዙሪያውን እየያዘ፣ እጀታው ተዘግቶም እሳቱ ካልቀነሰ ያኔ የቱቦ መዝጊያው ይግባ። በሩን ስትፈቺ የሆዱን ጣሪያም እይ፤ ከቱቦዎቹ በላይ ያለው ሰሌዳ ከተሰነጠቀ ወይም ወደ ፊት ከተንሸራተተ ነበልባሉ ሳይዞር ወደ ጭስ ማውጫው ይሾልካል። 9 ዓመት ለዚያ ሰሌዳ ረጅም ነው።

ኮሎራዶ፦

ጣልቃ ልግባ። ካታሊስት ያለው ምድጃ 20 እና 30 ሰዓት ይነዳል የሚባለው እውነት ነው? ዴንቨር ነኝ፣ ልገዛ ነው።

ሰማያዊ ነበልባል፦

እውነት ነው፣ ሆዱ ትልቅ ከሆነና አየሩን በራሱ የሚያስተካክል ቴርሞስታት ካለው። ካታሊስቱ ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም የተቀባ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፤ ጭሱን በ500 ፋራናይት አካባቢ ማቃጠል ይጀምራል። ቱቦ ያለው ምድጃ 1,100 የሚፈልግበትን ይህኛው በግማሹ ይሠራዋል፣ ስለዚህ ሳይጤስ ዝግ ማለት ይችላል። ግን ሂሳቡ አይለወጥም፦ 30 ሰዓት የሚነድ ምድጃ በየሰዓቱ የሚሰጠው ሙቀት ትንሽ ነው። ለደህና ቤትና ለለዘብታ ቀን ነው የሚሆነው። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቆሻሻ፣ ባለቀለም ወረቀት ካታሊስቱን ይገድለዋል። ማለፊያ በሩ (ጭሱ በካታሊስቱ ሳያልፍ በቀጥታ የሚወጣበት) የሚዘጋው የካታሊስቱ ቴርሞሜትር መርፌ ካታሊስቱ ወደሚሠራበት ክልል ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስበቱም ደካማ ነው፤ ሻጩን ለከፍታው ስንት ጫማ ጭስ ማውጫ መጨመር እንዳለብህ ጠይቀው።

የዱሉቷ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ብርዱ ሲብስ በየአራት ሰዓቱ ስሞላ ፍሙ እየተከመረ ማታ ለእንጨት ቦታ ይጠፋል። አውጥቼ ልጣለው?

ፍልጥ በፍልጥ፦

አትጣይው፣ ሙቀትሽ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ፍሙን ሁሉ ወደ በሩ ጎትቺ፣ በላዩ አንድ ቀጭን ደረቅ የጥድ ፍልጥ አጋድሚ፣ አየሩን ሙሉ ክፈቺ። የጥዱ ነበልባል ስበቱን ይይዛል፣ ፍሙ ከሥሩ ይጋያል፣ ቤቱም አይቀዘቅዝም። በ45 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይወርዳል፤ ካልበቃ አንድ ጥድ ድገሚ። ጥድ ጭስ ማውጫ ያበላሻል የሚባለው እርጥቡ ነው። አመዱን ስታወጪ አንድ ኢንች ያህል ከሥር ተዪ፣ ፍሙ በእሱ ላይ ነው የሚያድረው። የወጣው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ደጅ፣ ከእንጨት በረንዳው ርቆ፣ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። አመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም ሦስት አራት ቀን ይኖራል።